የእሑድ ነጥቦች

ጋሽ ገዱ ያልተከፈተውን የመድኃኒት ጠርሙስ ከኪሳቸው አውጥተው ከኑራ ላፕቶፕ አጠገብ አስቀመጡት።

"ይኸውልሽ ልጄ፣ መልሱት። በቅሎዬ ሳልደርስላት ሞተች። ለሌላ ሰው ከብት ይድረስ።"

ኑራ ደባርቅ ባለው የከብት መድኃኒት አከፋፋይ ቢሮ ሥራዋ ካርታ ነው። የየመንደሩ ሻጮች ሽያጫቸውን በስልክ ሲልኩ፣ የላኩበት ቦታ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ይሆናል። ነጥብ የበዛበት ቦታ መድኃኒት ይጨመርለታል፤ ነጥብ የሌለበት ሱቅ ይዘጋል። ከሦስት ወር በፊት የጋሽ ገዱን መንደር ሱቅ ያስዘጋችው በዚሁ ነው። አንድም ነጥብ አልነበረውም። ያን ዕለት በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦላታል።

"መቼ ታመመች ጋሼ?"

"ማክሰኞ ጠዋት ሆዷን ቆረጣት። የመንደራችን የማንጠግቦሽ ሱቅ እንደሆነ ከተዘጋ ሦስት ወሩ። ተራራው ላይ ወዳለው የቡይት ራስ ሱቅ ወጥቼ፣ ገዝቼ ስመለስ ደጃፌ ላይ ተዘርራ አገኘኋት።" ጠርሙሱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። "የቱሪስቱን ሻንጣ እየጫነች ልጆቼን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። እንግዲህ በምን እኖራለሁ?"

"ግን እኮ ጋሼ፣ ማንጠግቦሽ ምንም አትሸጥም ነበር።"

"ማን አለሽ! አገሩ ሁሉ ከእሷ አይደል እንዴ የሚገዛው? እኛ ዘንድ ኔትወርክ የለ። የሳምንቱን በደብተር ትይዝና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡይት ራስ ወጥታ ትልከዋለች።"

ኑራ ካርታውን ከፈተች። ቡይት ራስ ላይ የተከመሩትን ነጥቦች አንድ በአንድ እየነካች ቀናቸውን አየች። እሑድ። እሑድ። አሁንም እሑድ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ከርማለች። ቀኑን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ አላየችም።

ሥራ አስኪያጁ አብዱሰመድ ከኋላዋ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ "ሱቁን እናስከፍተዋለን። ስለ ካርታው ግን ምንም እንዳትነግሪያቸው፤ የጠርሙሱን ዋጋ መልሺና ሸኚያቸው" አላትና ወጣ።

ኑራ የጠርሙሱን ዋጋ ስትሰጣቸው ጋሽ ገዱ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"አንቺስ ምን ታደርጊ ልጄ፣ የታዘዝሽውን ነው። ሱቁን ያስዘጋውን ሰው እግዚአብሔር የእጁን ይስጠው። አንቺን ግን ይባርክሽ።"

ኑራ አሜን ማለት አቃታት። አብዱሰመድ የወጣበትን በር አየችና ላፕቶፑን ወደ ሽማግሌው አዞረችው።

"ይቀመጡ ጋሼ" አለች። "ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ላሳይዎት።"