ሁለት ሞተር በአንድ ዘንግ
የመካነ ሰላሟ አሚራ አስራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ እናቷ ሀሊማ ከጅዳ ደውላ ቁርጡን ነገረቻት።

«ብቻዬን ተሸክሜ ደከመኝ፤ እኔ ብታመም ቤቱ ምን ይሆናል? ቪዛሽን ጨርሻለሁ፤ ነይና አግዢኝ።»

አሚራ የደሴው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር እስኪያልፍ ለመነቻት። «ዋንጫ ካመጣሽ ተማሪ፤ ካላመጣሽ ወላሂ ትመጫለሽ» አለች እናቷ።

ሮቦት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሞተሮቹ ከታናናሾቿ መጫወቻ መኪኖች የተነቀሉ፣ አንድ ኪሎ ጨው ጭኖ አስር ዙር የሚመላለስ የቆርቆሮ ጋሪ ነው። አምና በአንድ ሞተር ሄዳ መሀል ላይ ቀጥ ብሎባት አፍራ ተመልሳለች። ዘንድሮ ብልጥ ሆነችና ሁለት ሞተር የኋላ ጎማዎቹን በሚያዞረው አንድ ዘንግ ላይ ጠመደች። አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ በሚያርስበት አገር ያደገች ልጅ ሌላ ምን ታስብ?

በሬያቸውን ከእነ አሚራ በሬ ጋር የሚያቀናጁት ጎረቤታቸው ጋሽ ቢሻው ጋሪውን አገላብጠው አይተው ሳቁ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን አዩ?»

«በሬው ሁለት ነው፤ ቀንበሩ ግን አንድ። ቀንበሩ የተሰበረ ለት ሁለቱም ቆመው ያመሰኳሉ።»

አሚራ ተናደደች። እሳቸው ስለ ሞተር ምን ያውቃሉ! ነገሩ ግን ሲከነክናት ሰንብቶ ሁሉንም ፈታችው። አንዱን ሞተር ለፊት ጎማዎች፣ ሌላውን ለኋላ ሰጠች፤ ባትሪያቸውንም ለየች። ጋሪው ከበደ፣ ዘገየም።

ደሴ ላይ፣ በስድስተኛው ዙር፣ የኋላው ሞተር ተቃጥሎ ዝም አለ። አሚራ አይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ጋሪው እየሄደ ነው፤ የፊቱ ሞተር እያቃሰተ ይጎትተዋል። ቀድመዋት የነበሩ ሦስት ሮቦቶች መንገድ ላይ ሲቀሩ የእሷ አስሩንም ዙር ጨርሶ ገባ። ሦስተኛ ወጣች። ዋንጫ ግን ለአንደኛው ብቻ ነው።

ከሰዓት ሀሊማ ደወለች። «ዋንጫውስ?»

«የለም፣ እማ። ግን ገባ። የኋላው ሲቃጠል የፊቱ ጎትቶ አስገባው፤ ዘንጋቸው ለየብቻ ስለሆነ።» አሚራ እንባዋ መጣ። «ያን ዓመት ሰው ከሳውዲ ሲባረር የሰፈራችን እነ አሰጋሽ፣ እናትና ልጅ፣ ባንድ ቀን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም? ቤታቸው የወደቀው ሁለቱም እዚያው ስለነበሩ እኮ ነው።»



«እንግዲህ የኋላው ሞተር እኔ ነኛ» አለች ሀሊማ።

«አላህ አያድርገው፣ እማ!»

«አያድርገው። ግን አንቺ ትምህርትሽን ያዢ፣ ልጄ። እኔ የቆምኩ ለት ጎትተሽ ታስገቢናለሽ።»