ዘጠነኛዋ ሪቬት

ሄድሊ ትሬዘዊ መኪናውን ዝናብ ላይ ማሳደር ከጀመረ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ጋራዡን የያዘችው ሌላ ናት፤ አንድ ሜትር ከስድስት ሳንቲም የምትረዝም፣ ከእውነተኛዋ አሥራ ስድስት ጊዜ ያነሰች የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር። ሚስቱ ላቭዴይ ለጎረቤት ስታወራ «እሷዬ» ነው የምትላት። «እሷዬ ዛሬ ጅራት አወጣች፤ እሷዬ ትናንት ቀለም ተቀባች፤ የኔ መታጠቢያ ቤት ግን እስካሁን ተራ አልደረሰውም።»

አፏ ይበል እንጂ ላቭዴይም ትኮራለች። ደግሞስ የማይኮራ ማን አለ? ሰውየው ከሱቅ የተገዛ አንድ ዕቃ አላስገባባትም። ቆዳዋ ማተሚያ ቤት የጣለው ስስ የአሉሚኒየም ሉህ ነው፤ በመቀስ እየቆረጠ በእንጨት አጥንቶቿ ላይ አለበሳት። ሪቬቶቿን፣ የቆርቆሮ ማያያዣ ምስማሮቿን ራሶች፣ አንድ በአንድ ከሉሁ ጀርባ በደነዘ መርፌ እየገፋ አወጣቸው፤ ከአሥራ አንድ ሺህ ይበልጣሉ። የአብራሪው ወንበር ቀበቶ ይቆለፋል፣ ይፈታል። ትልቁ በር በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከበሩ በላይ፣ ሰው ከባሕር የሚያወጣው መንጠቆ ከነሽቦው ይወርዳል፣ ይወጣል። አምስቱ የላይኛው ክንፎች፣ ቆማ ስትውል እንደሚያደርጉት፣ በገዛ ክብደታቸው ጫፋቸውን ዘንበል አድርገዋል። ይህን ሁሉ የሠራው ደግሞ ሻይ ሲጠጣ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር የሚንኳኳበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነው። ወረንጦውን ሲያነሳ ትንፋሹን ይውጣል፤ እጁም ለጥቂት ሰኮንድ ይታዘዝለታል። በእነዚያ ጥቂት ጥቂት ሰኮንዶች ነው የሠራት። እንዲህ ላለው ሰው ከመቀመጫ ብድግ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

የሠራት ለሻለቃ ካርልዮን ነው። ሄድሊ የሄሊኮፕተር መካኒኮች አለቃ በነበረበት ዘመን፣ ካርልዮን የሃምሳ ሦስት ቁጥሯ ሲኪንግ ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። በእነሱ ዘንድ የማይታለፍ ሥርዓት አለ። ከበረራ በፊት መካኒኩ መዝገቡን ይዞ ይቆማል፤ አብራሪው ከአፍንጫዋ ጀምሮ በእጁ እየዳበሰ ይዞራታል። ሲጨርስ «የጎደለ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መካኒኩ ያለውን ይናገራል፣ አብራሪው ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ ከነእንከኗ የእሱ ናት፤ እስኪፈርም ድረስ የመካኒኩ። ሁለቱ ሰዎች ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ፊርማ ሲቀባበሏት ኖሩ እንጂ ከዚያ ያለፈ ብዙም ጨዋታ አልነበራቸውም።

አሁን ካርልዮን ማየት ተስኖታል። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት በአንድ የድሮ ባልደረባቸው ቀብር ላይ ተገናኝተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው ሳለ በላያቸው ሄሊኮፕተር አለፈች። ካርልዮን አንገቱን ቀና አድርጎ ድምጿ እስኪጠፋ አዳመጣት።

«የልጆቼ መልክ አልጠፋኝም፣ አለቃ» አለ። «የሃምሳ ሦስት መልክ ግን እየጠፋኝ ነው። ላስታውሳት ስሞክር አፍንጫዋ ይመጣልኛል፤ ሆዷ ጋ ስደርስ ብትን ይልብኛል።»

ሄድሊ በማግስቱ መኪናውን ከጋራዥ አወጣ።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያስጨነቀው ነገር አንድ ነው፤ ካርልዮን በጣቱ ዳብሶ «ይቺማ ሃምሳ ሦስት ናት» ይላል ወይስ አይልም? ሄድሊ ራሱ ዓይኑን እየጨፈነ ሲዳብሳት ነው የከረመው። የሻከረው ይሻክር እንደሆን፣ የጎበጠው ይጎብጥ እንደሆን፣ በጣቱ እየሰማ አፍርሶ የሠራው ብዙ ነው። አልቃ ቀለሟም ከደረቀ በኋላ፣ በከተማቸው በሄልስተን የሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ትርኢት ላይ ሊያቀርባት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ካርልዮንን እሑድ ከሰዓት ቤቱ ጠራው።

ላቭዴይ ሄዳ በመኪና አመጣችው፤ ጋራዡ ውስጥ ሻይና በሳፍሮን ቅመም የተጋገረ ዳቦ አቀረበችለት። እሱ ግን ዳቦውን በአፉ እንደያዘ ተነሳ።

«የት ነው ያቆምካት?»

«ከፊትዎ ናት፣ ሻለቃ። ሁለት እርምጃ።»

ካርልዮን እጆቹን ዘረጋና አፍንጫዋን አገኘ። ወዲያው ወገቡ ቀና አለ፤ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው መሆኑ ቀረ። ከአፍንጫዋ በቀኝ በኩል ጀመረ፤ መስኮቶቹን፣ ጎማው ያለበትን ተንሳፋፊ፣ በሩን። መንጠቆዋ ጣቱ ላይ ስትወርድ እንደ ሕፃን ሳቀ።

«ዝንብ እንኳ አልተጣበቀባትም! ድሮ እንዲህ አጽድተህ ሰጥተኸኝ ታውቃለህ?»

«ድሮ እርስዎ ነበሩ እኮ ዝንቡን እያሳደዱ የሚገጩት።»

ላቭዴይ ሳቀች። ካርልዮንም እየሳቀ እጁን ከትልቁ በር ስር አሳለፈ። እዚያ ቆመ። አውራ ጣቱ ወደ ፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

«እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ ዳስሼ አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «እጅህ ይባረክ፣ አለቃ።»

ሄድሊ ሰውየውን ያውቀዋል። «ግን?» አለው።

«ግን ሃምሳ ሦስት አይደለችም። እህቷ ትሆናለች። ጠባሳዋ የት ሄደ?»

የሄድሊ ፊት እስከ ጆሮው ቀላ። ጠባሳውን ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም። በሰሜኑ ባሕር ላይ ከአንዲት የምትሰምጥ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ሰዎች ሲያወጡ፣ የመርከቧ ምሰሶ ከበሩ ስር መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀደዳት። ሄድሊ በጦር መርከቡ ላይ፣ ወለሉ ከእግሩ ስር እየተነሳ እየወደቀ፣ ሃያ ሁለት ሪቬት ያለው ልጥፍ አበጀላት። ዘጠነኛዋ ላይ ትልቅ ማዕበል መጣ፤ መሰርሰሪያው ሸሸ፤ ሪቬቷ ከመስመር ወጣች። ጥንካሬዋ ምንም አልጎደለም፤ ጠማማ ናት እንጂ። የብስ ላይ ስንወርድ እቀይራታለሁ ብሎ ሳይቀይራት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ከእጁ የወጣች፣ የሚያፍርባት ሥራ ያቺ ብቻ ነበረች። ሞዴሏን ሲሠራ ታዲያ እዚያ ቦታ ሲደርስ እጁን አፍጥኖ ልሙጥ አድርጎት አለፈ። ሰነፍ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም፤ ይህ የጎበዝ ስህተት ነው።

«ያቺ ሥራ እንዳትታይብኝ ብዬ ነው» አለ ሄድሊ መሬት መሬት እያየ። «አንዷ ሪቬት ጠማማ ነበረች።»

«እሷን ነው እኮ የምልህ! ከእያንዳንዱ በረራ በፊት አውራ ጣቴን እሷ ላይ ሳላሳርፍ ፈርሜ አላውቅም። በዚያ ማዕበል ቆሞ ይህን የሰፋ ሰው ካለ፣ እኔ ተቀምጬ ማብረር ምን ያቅተኛል እል ነበር።» ካርልዮን ዱላውን በእጁ ፈለገ። «አትቀየመኝ። መዝገብ ብታቀርብልኝ ግን ዛሬ አልፈርምልህም።»

ሰኞ ጠዋት ሄድሊ ቁርሱን ሳይበላ ጋራዥ ገባ። ልጥፏን ለመሥራት አዲስ ሉህ ቆረጠ፤ ሃያ አንዱን ሪቬት በመስመር አወጣ፤ ዘጠነኛዋን አጣመመ። አያት። ጠማማነቷ ራሱ በማስመሪያ የተለካ ነበር። ጣለውና ሌላ ሠራ፤ ያኛውም ያው። ማክሰኞ ሦስት ልጥፍ ጣለ። ዕድሜ ልኩን ቀጥ አድርጎ ሲሠራ የኖረ እጅ፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን፣ ሥራው ላይ ሲደርስ እምቢ አለው። ረቡዕ ከሰዓት ላቭዴይ ሻይ ይዛ ስትገባ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አገኘችው።

«ምን ሆነህ ነው? አንዲት ሪቬት ማጣመም ምን ይከብዳል? እኔን ሳትለፋ ታጣምመኝ የለም እንዴ?»

«አስቤ ሳጣምማት ውሸት ትሆናለች። ያኔ እኮ አላሰብኩም። ወለሉ ነው ከእግሬ ስር የሄደው።»

ላቭዴይ ሻዩን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች። ጋራዡን ቃኘች፣ ጠረጴዛውን ቃኘች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ከጠረጴዛው ጫፍ ሄዳ ቆመች።

«ሥራ» አለችው።

«ምን?»

«ሥራ አልኩህ! ቀጥ አድርገህ ሥራ፣ ዘጠነኛዋንም ቀጥ አድርገህ። ወለሉ የኔ ነው።»

ጠረጴዛውን በዳሌዋ ትገፋው ጀመር። አንዴ ቀስ፣ አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ጭራሽ ዝም። ሞረዱ ወደቀ፣ ፒንሳው ወደቀ፣ የሙጫ ጠርሙስ ተንከባለለ። ሄድሊ «ኧረ አንቺ ሴትዮ!» እያለ፣ እየተሳደበ፣ በሙሉ ልቡ ቀጥ ሊያደርግ እየታገለ አንድ፣ ሁለት እያለ ሄደ። ስምንት ላይ ላቭዴይ ረጋ አለች። ዘጠኝ ላይ ባላት ኃይል ገፋችው። መርፌው ሸሸ።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ሄድሊ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን አሳለፈባት፤ ከዚያ የሚስቱን እጅ ይዞ ሳመው። ሐሙስ ያንን ያማረ ቀለም ከበሩ ስር ፋቆ ልጥፏን አጣበቀ። አንድ ጊዜ እጁ ቢስት የሁለት ዓመት ከመንፈቅ ልፋት ገደል ነበር የሚገባው። እጁ ግን አልሳተም።

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በሰው ተሞላ። በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ከአሥርቱ ትእዛዛት ሁሉ የሚበልጠው «አትንኩ» የሚለው ነው፤ በየጠረጴዛው ዙሪያ ገመድ ተወጥሯል። ዳኛው ቦሊቶ፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣ ማጉያ መነጽሩንና ባትሪውን ይዞ ከሃምሳ ሦስት ፊት ሩብ ሰዓት ቆመ። አንዳንዴ ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዳንዴ ለብቻው «የማይታመን ነው» ይላል። ከበሩ ስር ሲደርስ ግን መነጽሩን አወረደ።

«ሄድሊ፣ ምን ነካህ? አንዷ ከመስመር ወጥታለች እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አውቀህ ነው የተውካት?»

«ለፍቼ ነው የሠራኋት።»

ቦሊቶ አዘነ፤ ሕግ ግን ሕግ ነውና ነጥብ ቀነሰ። ዋንጫው በሁለት ነጥብ ብልጫ ለአንዲት ባለ ሸራ መርከብ ሄደ። የዳኛው ወረቀት፣ ከታች «አንድ ሪቬት ከመስመር ወጥታለች» የሚል ተጽፎበት፣ ከሄሊኮፕተሯ ጎን ተቀመጠ። ሄድሊ ለመርከቧ ባለቤት አጨበጨበ፤ ዓይኑ ግን የአዳራሹ በር ላይ ነበር።

ካርልዮን የላቭዴይን ክንድ ይዞ ገባ። ሄድሊ ገመዱን ፈታ።

«ኧረ አይነካም!» አለ ቦሊቶ ከወዲያ እየሮጠ። «ሄድሊ፣ ሕጉን ታውቀው የለም!»

«ቦሊቶ» አለች ላቭዴይ፣ «አንተ አሁን አፍህን ዝጋና እይ።»

ካርልዮን ከአፍንጫዋ ጀመረ። ሰው ሁሉ፣ የመርከቧም ባለቤት ዋንጫውን እንዳቀፈ፣ ተጠጋ። እጆቹ ተንሳፋፊውን አልፈው በሩ ጋ ደረሱ፣ ከበሩ ስር ወረዱ። አውራ ጣቱ ልጥፏን አገኘ። የመጀመሪያዋን ሪቬት፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን እያለ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ጣቱ ከዚያ ተነስቶ ጅራቷን ሲዳብስ አንዲት ቀጭን ሽቦ ቀጭ ብላ ተሰበረች፤ ሄድሊ ዞር ብሎም አላያት። ካርልዮን ዙሩን ጨርሶ አፍንጫዋ ጋ ተመለሰና እጁን ወደ ጎን ዘረጋ።

«አለቃ» አለ። «መዝገቡን።»

ሄድሊ ኪሶቹን ፈተሸ፤ ባዶ ናቸው። ቦሊቶ የገዛ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስቶ ሰጠው፤ ከደረት ኪሱም እስክሪብቶውን አወጣለት። ሄድሊ ወረቀቱን ከካርልዮን እጅ ስር አደረገ፤ ጣቱንም ይዞ ከታች ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈለት።

«የጎደለ ነገር አለ?» አለ ካርልዮን።

ሄድሊ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አንዲት ሪቬት፣ ሻለቃ። ዘጠነኛዋ።»

«አውቃታለሁ» አለና ካርልዮን ፈረመ።