የመጨረሻዋ ወራጅ

ከወንድሜ ከተማ እስከ እኔ ከተማ ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው ይላል ስልኬ። በአውሮፕላን አሥራ አራት ሰዓት፣ መሃል ላይ አንድ ቅያሪ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ርቀት የሚባል ነገር አያስደነግጠውም። «እናትሽ በእኔ መኪና ብትመጣ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነበረች፤ አንቺ ለአንድ ቀን ትንጨረጨሪያለሽ» አለኝ አውሮፕላን ማረፊያው የእንግዳ መቀበያ በር ላይ ቆመን። እንድስቅለት ነበር። አልሳቅኩለትም።

ያቺ ቅያሪ ናት ነፍሴን የያዘቻት። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ካለፈው ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምራለች፤ ምድጃ ለኩሳ ትወጣለች፣ የጎረቤት በር የራሷ መስሏት ታንኳኳለች። ወንድሜ ሥራም እሷንም መያዝ አቃተው። «ላካት፣ እኔ ጋ ትሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። አብሯት እንዳይመጣ ከሥራው ፈቃድ ከለከሉት። መሃል ላይ የምትቀበላትና ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን የምታደርሳት አስተናጋጅ ትኖራለች ተባልን።

ትኑር። እማዬ ግን ሰው ሁሉ ሳይወርድ ወርዳ አታውቅም። በር ላይ ቆማ ተሳፋሪውን ታወርዳለች፤ ከዚያ ከኋላ ወንበር ጀምራ የተረሳ ዕቃ እየፈለገች ወደ ፊት ትመጣለች። ብዙ ነገር ረስታ ይህን አልረሳችም። ባለፈው ወር እንኳ ወንድሜ ሐኪም ቤት ሲወስዳት የታክሲውን ወንበር ሥር ሳትዳብስ አልወርድም ብላዋለች። ይህን ለአየር መንገዱ ሰዎች መንገር ነበረብን። ማን ትዝ ይለዋል? አውሮፕላን ውስጥ ስንት ወንበር አለ? ሁለተኛው ጥሏት ቢሄድስ? በማታውቀው አገር፣ ስሟን የሚጠራት ሰው በሌለበት?

አውሮፕላኑ አረፈ ተባለ። ሰው መውጣት ጀመረ። ሻንጣ የሚጎትቱ ወጡ፣ የሚተቃቀፉ ወጡ፣ አንዲት ሴት አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ሕፃን አቅፋ እየተነጫነጨች ወጣች። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ ቆየ። ባለቤቴ ቀልዱን ትቶ እጄን ያዘኝ፤ ያን ጊዜ ይበልጥ ፈራሁ።

ዩኒፎርም የለበሰውን ሰውዬ ሄጄ ያዝኩት። «ወንድሜ፣ የቀረ ሰው የለም?»

«ሁሉም ወጥተዋል እህቴ።»

ስልኬን አወጣሁ። ወንድሜን ምን ብዬ ልደውልለት?

በሩ ተከፈተ። እማዬ! አስተናጋጇ ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ከኋላዋ ትከተላለች። እማዬ ቀጥ ብላ፣ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በእጇ አንዲት የሕፃን ጫማ ይዛ መጣች።

«ቅያሪው ላይም እንዲሁ አስቸግራለች አሉ» አለች አስተናጋጇ እየሳቀች። «ወንበሩን ሁሉ ሳላይ አልወርድም አለች። ሁለተኛው አውሮፕላን እሷን ጠብቆ ነው የተነሳው።»

ሮጬ አቀፍኳት፤ አለቀስኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ ከላይዋ አላቀቀችኝ። ፊቴን አየችው፤ ደግ ዓይን ነው፣ ተሳፋሪ የምታይበት ዓይን። የሕፃኑን ጫማ አሳየችኝ።

«ያንቺ ልጅ ነው የጣላት?»

«አይደለም እማዬ።»

«አይዞሽ፣ አታልቅሺ። መንገድ ጠፍቶብሽ ነው? አንቺ የት ነሽ ወራጅ?»

ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ቦርሳዋን ከአንገቷ አወረድኩላትና ክንዷን ያዝኩ።

«አንቺ የምትወርጂበት ነው የምወርደው» አልኳት።

«እንግዲያው ገና ነሽ» አለችኝ። «እኔ መጨረሻ ነው የምወርደው።»