ደም ፍለጋ በሮክ ሜዳ

ሪዳሊን ቅዳሜ ማለዳ ተገላገለች። ወንድ ልጅ ነው፤ አለቀሰ፣ ታጠበ፣ ተጠቅልሎ አያቱ እቅፍ ገባ። የእናቱ ደም ግን አልቆም አለ። ነርሶቹ በሩጫ ይገባሉ፣ የተነከረ ጨርቅ ይዘው ይወጣሉ። እኩለ ቀን ላይ ሐኪሟ ራሷ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

«ደሟ ኦ ኔጋቲቭ ነው። ያለንን ሁለት ከረጢት ሰጥተን ጨርሰናል። ከጉዋሃቲ ከተማ አስልከናል፤ መንገዱን ግን ናዳ ስለዘጋው ከምሽት በፊት አይደርስም። እስከ ምሽት ደግሞ አትቆይልንም። አንድ ሰው፣ አሁን፣ ያስፈልገናል።»

«የእኔን ቅዱ!» አለች እናቷ ትሪፊና እጅጌዋን እየሰበሰበች። «እስኪያልቅ ቅዱ!»

«የእርስዎ አይሆናትም፣ እናቴ። የወንድምዎም አይሆንም፤ ሁለታችሁም ፖዘቲቭ ናችሁ። በዚህ ተራራ ሰው ላይ ኔጋቲቭ ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። ከአባቷ ወገን ሰው የለም? አባቷ የት ነው?»

«ቤንጋሊ ነበር» አለች ትሪፊና። «ሳትድህ ጥሎን ጠፋ። ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም።»

ወንድሟ ሉምላንግ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ በሕንዷ የሺሎንግ ከተማ ዳገቶች ላይ ታክሲ ሲነዳ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በተራራው የካሲ ሕዝብ ቤት ነገር ሲጨንቅ ሁሉም የሚያየው የእናትን ወንድም ነውና ትሪፊናም እሱኑ አየች። እሱ የሚያውቀውን ግን እሷ አታውቅም። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት «ድካር ከምድራችን ይውጣ!» እያሉ፣ ከሜዳው አገር የመጣውን ሁሉ በዚያ ስም እየጠሩ፣ በድምፅ ማጉያ ሰፈር ለሰፈር ከሚጮኹት ወጣቶች ፊታውራሪው እሱ ነበር። የእህቱን ባል ሽያማልን ከሥራ ሲመለስ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር መንገድ ጠብቆ ያዘው። «ነገ እዚህ ብናገኝህ ሚስትህ ሬሳህን ነው የምትለቅመው» ብለው አውቶቡስ ላይ ጫኑት። ሽያማል በመስኮቱ በኩል «ልጄን አንዴ ልሳማት» ሲል ሉምላንግ ሰምቷል። አውቶቡሱን በመዳፉ ደብድቦ «ንዳው!» ያለው እሱ ራሱ ነው።

ትሪፊና የልጇን ቦርሳ ስትበረብር ባለቀለም ወረቀት ወደቀ። የኮንሰርት ትኬት ነው። ከሦስት ወር በፊት የቆረጠችው፣ «ሆዴ አፍንጫዬ ቢደርስም እሄዳለሁ» ስትል ሁሉንም ያሳቀችበት። ከሕንድ ዙሪያ ዘጠኝ የሮክ ባንዶች፤ ኩባንያ የማያዛቸው፣ የራሳቸውን ጽፈው የራሳቸውን የሚጫወቱ። ቀኑ ዛሬ ነው።

ሉምላንግ ወረቀቱን ከወለሉ አነሳ። ከትናንት ጀምሮ በታክሲው ያመላለሰው ሰው ሁሉ ትዝ አለው፤ ከኮልካታ፣ ከዴልሂ፣ ከባንጋሎር ጊታር አንግቶ የመጣ ድካር።

«ወዴት ነው?» አለች ትሪፊና።

«የሚሰጥ ሰው አመጣለሁ።»

«ሉም… ባዶ እጅህን አትመለስብኝ።»

ሜዳው ከከተማው በላይ፣ ጥድ የከበበው የኳስ ሜዳ ነው። ዝናቡ ካፊያ ነበር፤ ሰው ግን ጃንጥላውን ጥሎ በጭቃው ይዘልላል። ሉምላንግ ከበሩ ሳይደርስ የባስ ጊታሩ ምት ደረቱን መታው። ዘበኛው ቦታ የተሳሳተ ሰው ያየ ይመስል ከእግር እስከ ራሱ ለካው።

«ተሳፋሪ ከሆነ የምትጠብቀው እዚያ ማዶ ቁም፣ ጋሼ።»

ሉምላንግ ትኬቱን አወጣ።

«አሃ! ሽማግሌው ሮከር!» ሳቀና አሳለፈው።

ከመድረኩ ጀርባ በጆሮው ማዳመጫ የሰካ፣ ድምፁ የዘጋ አዘጋጅ አገኘ። ሉምላንግ ነገሩን ነገረው፤ ሰውየው ግማሹን አልሰማም።

«አባባ፣ ስልክ የጠፋበት፣ ጓደኛ የጠፋበት፣ ሁሉም ማይክ ስጠኝ ነው የሚለኝ። ይሄ ባንድ ይጨርስ፤ በእረፍቱ እናስነግራለን።»

«እረፍቱ መቼ ነው?»

«አርባ ደቂቃ ቢሆነው ነው።»

«እሷ አርባ ደቂቃ የላትም! ስማኝ እንጂ፣ ልጄ! ሰው እየሞተ ነው!»

ከበሮው መሬቱን አናወጠው። አዘጋጁ እጁን አርገብግቦ ወደ ሌላ ጣጣ ሮጠ።

ሉምላንግ ሕዝቡ ውስጥ ገባ። ሰባት ሺህ ሰው ይሆናል። በክርን ገፋ፣ በትከሻ ሰነጠቀ፤ አንዱ ሰደበው፣ አንዷ «ቀስ በሉ፣ አባት፣ መድረኩ አያመልጥም!» አለችው። በየመሀሉ አንዳንዱን ክንዱን እየያዘ «ደምህ ምንድን ነው?» ይላል፤ ሰዉ ግን ዘፈኑን የሚጠይቅ ይመስለውና አውራ ጣቱን ያሳየዋል። ጩኸቱ ጉሮሮው ውስጥ ነው የሚቀረው። እንዲህ ያለ አቅም ማጣት በሕይወቱ አጋጥሞት አያውቅም፤ በሰው ባሕር መሀል ቆሞ አንድ ሰው ማጣት።

ከብረት አጥሩ ሲደርስ መድረኩ ላይ «ጭጋግ» የሚባለው የከተማው ልጆች ባንድ ነበር። ዘፋኟን አወቃት፤ ሪዳሊን ክፍሏ ግድግዳ ላይ የለጠፈቻት ባንሪላንግ ናት። አጥሩን ሊዘል አንድ እግሩን ሲያነሳ ሁለት ጠባቂዎች ያዙት። ታገለ። አንዱ አንገቱን አንቆ ጭቃ ላይ ጣለው። ዘፈኑ በዚያች ሰዓት አለቀ፤ ጭብጨባው ሳይነሳ ባለችው አንዲት ትንፋሽ ክፍተት ሉምላንግ በካሲ ቋንቋ ጮኸ፦

«ባንሪ! ልጄ እየሞተችብኝ ነው!»

ዘፋኟ ዞረች። ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ነቀለች።

«ልቀቋቸው! ልቀቋቸው እላለሁ! ምንድን ነው የሚሉት፣ አባባ?»

ጎትታ አወጣችው። ጭቃው ከፊቱ እየወረደ ነገራት፤ እሷም ጊታሪስቱን በእጇ ዝም አሰኝታ ማይኩን ሰጠችው።

«እርስዎ ይንገሯቸው። እኔ ብል ቀልድ ይመስላቸዋል።»

ሉምላንግ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ለሕዝብ ከተናገረ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ያኔ «ይውጣ!» ነበር የሚለው። በካሲ ቢናገር የሚፈልጋቸው ሰዎች አይሰሙትም፤ ስለዚህ በተሰባበረ ሂንዲ ጀመረ።

«እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። የእህቴ ልጅ ዛሬ ወለደች። ደሟ እየፈሰሰ ነው። ኦ ኔጋቲቭ ነው የሚሏት። የእኛ ሰው የለውም። እናንተ… ከሩቅ የመጣችሁ…» «ድካር» የሚለውን ስም ዋጠው። «ወንድሞቼ። እህቶቼ። አንድ ሰው ብቻ። እለምናችኋለሁ።»

ሜዳው ጸጥ አለ። ዝናቡ የድምፅ ማጉያዎቹን ሽፋን ሲመታ ይሰማ ነበር። ከዚያ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ እጅ ተነሳ። ሉምላንግ ቆጠረ፤ ስድስት። በደስታ ከመድረኩ ዘሎ ወረደ።

ስድስቱም ወደ መድረኩ ጎን መጡ። ከመጀመሪያ እርዳታ ድንኳኑ የመጣች ነርስ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው፤ ደስታውም አንድ በአንድ ረገፈ። አንዱ ኦ ፖዘቲቭ ነው፤ ልርዳ ብሎ ነው የመጣው። አንዷ ቀጭን ናት፤ ክብደቷ አይፈቅድም። ሁለቱ ክንዳቸውን ገና ባለፈው ወር ነው የተነቀሱት። አንዱ ካርዱን ከኪሱ መዞ ኦ ኔጋቲቭነቱን አሳየ፤ አፉ ግን ቢራ ቢራ ይሸታል፣ እግሩም አይጸናም።

«ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት፣ አጎቴ! በእናቴ ሞት ሁለት ብቻ!»

«ስድስት ነው የጠጣው» አለ ስድስተኛው፣ ጓደኛው። «እኔም ከሱ እኩል ነኝ።»

ጎረምሳው ጭቃው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሉምላንግ ሊያጽናናው አልቻለም። ሊመታውም አማረው፣ ሊስመውም አማረው። የትሪፊና ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይጮሃል፤ ባዶ እጅህን አትመለስብኝ።

ያኔ ከሜዳው መሀል፣ ድምፁ ከሚቀነባበርበት ድንኳን፣ አንድ መላጣ ሰው ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በጭቃው እየተንሸራተተ መጣ።

«ፕሮቢር እባላለሁ፣ ከኮልካታ። የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ኦ ኔጋቲቭ። ሥራ ላይ አልጠጣም፤ ንቅሳትም የለኝም፣ መርፌ ስለምፈራ።» ፊቱ ነጥቶ ነበር። «ማሽኑን ለረዳቴ ሰጥቻለሁ። ድምፁ ሲበላሽ ሳልሰማ ውሰደኝ።»

ታክሲዋ ቁልቁለቱን በረረች። ከታች ግን የከተማው መንገድ በመኪና ታንቆ ጠበቃቸው። ሉምላንግ ጥሩንባውን ነፋ፣ በተቃራኒው መስመር ገባ፣ የትራፊክ ፖሊሱን ፊሽካ እንዳልሰማ ሆነ።

«አባቷ የት ነው?» አለ ፕሮቢር የበሩን እጀታ ጨምድዶ።

«የለም።»

«ሞቷል?»

ሉምላንግ መልሶ ጥሩንባውን ነፋ። እውነቱን ቢናገርና ሰውየው በሩን ከፍቶ ቢወርድስ? ምላሱን ነከሰ። ምላሱን በመንከሱም ራሱን ናቀ።

ከሆስፒታሉ በፊት መኪናው ሁሉ ቆመ። ታክሲውን መሀል መንገድ ላይ ትተው በሩጫ ወጡ። ፕሮቢር ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ሲል ሉምላንግ በብብቱ ደገፈው። ደሙ ተመረመረ፤ ሆነ። መርፌው ሲገባ ፕሮቢር ዓይኑን ጨፍኖ በቤንጋሊ ተሳደበ። ሪዳሊን ከረጢቱን ተከትላ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች።

ሦስቱ አግዳሚው ላይ ቀሩ። ትሪፊና የፕሮቢርን እጅ ይዛ ትስማለች።

«ያባቷ አገር ሰው ነህ። ስሙ ሽያማል ነበር። ልጁን ጥሎ የሄደ ሰው ወገን መጥቶ አተረፋት፤ የእግዚአብሔር ሥራ አይገርምም?»

ሉምላንግ ተነስቶ ቆመ። የክፍሉ በር ዝግ ነው፤ ልጅቷ ትውጣ አትውጣ አይታወቅም። ዛሬ ካልተናገረ የሚናገርበት ቀን እንደማይኖር ገባው።

«ጥሎሽ አልሄደም፣ ትሪፊ። እኔ ነኝ ያባረርኩት። ከነሱ ጋር ሆኜ አውቶቡስ ላይ ጫንኩት። ልጄን ልሳማት ብሎ ለምኖኝ ነበር።»

ትሪፊና የፕሮቢርን እጅ ለቀቀች።

«ሃያ አምስት ዓመት» አለች። «ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስረግመው አጠገቤ ተቀምጠህ ኳይ ፍሬህን ስታኝክ ኖርክ?»

«አዎ።»

ትሪፊና ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ፕሮቢር ክንዱ ላይ ያለውን ጥጥ ተጭኖ ቆመ። ሉምላንግ ፊቱን አየው፤ አንድ ቃል ጠበቀ።

«እኔን አትየኝ» አለ ፕሮቢር በዝግታ። «ሽያማል አይደለሁም። በሱ ፈንታ ይቅር ልልህ አልችልም። አሁን ወደ ሥራዬ መልሰኝ፤ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው።»

ታክሲውን ከተተወበት መሀል መንገድ አንስተው ወጡ። ከሜዳው በር ሲደርሱ ፕሮቢር ወርዶ ሳይሰናበት ሄደ። ከውስጥ ሌላ ባንድ ይጫወት ነበር፤ ሉምላንግ ታክሲውን አዙሮ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰ።

ሪዳሊን ተረፈች። ማሕፀኗን ግን አወጡት። የጉዋሃቲው ደም የደረሰው ከመሸ ሲሆን፣ የፕሮቢር ደም ባይኖር እስከዚያ ባልቆየች ነበር አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሉምላንግ ራሱ ስለ አባቷ ነገራት። ልጁን እያጠባች ሰማችው፤ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ፎቶ አለህ?» አለችው።

«የለኝም።»

«ፊቱን ግን ታስታውሳለህ።»

«አስታውሳለሁ።»

«እንግዲያስ ፈልገው፣ አጎቴ። በሕይወት ካለ ንገረው፣ ከሞተ መቃብሩን ንገረኝ። ሳታገኘው የልጄን ፊት አታይም።»

ትሪፊና ከጓዳ አልወጣችም፤ ስለ ባሏ የምታውቀውን ሊጠይቃት ቢለምናትም በሩን አልከፈተችለትም። ሉምላንግ በማግስቱ ታክሲውን ለጓደኛው ሰጥቶ ወደ ሜዳው አገር በሚወርደው አውቶቡስ ተሳፈረ። ሲልቻር ሄደ፤ ሽያማል የሚባል የልብስ ሰፊ አገኘ፣ እሱ አይደለም። ካሪምጋንጅ ሄደ፣ ከዚያም አጋርታላ። በየገበያው እየቆመ በዚያ በተሰባበረ ሂንዲ ይጠይቃል፤ ሰዉም «የአባቱ ስም ማን ነው?» ይለዋል። የአባቱን ስም ግን ያኔ አልጠየቀውም ነበር።