የፌርማታው ተወካይ

በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። እስካሁን የማይገባኝ ይሄ ነው። በእኛ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ስለ ዝናብ እንኳ አይስማማም፤ እኔ ላይ ሲደርሱ ግን አርባ ሰው እጁን አወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ያለውን የአውቶቡስ ፌርማታ ነቅሎ ቁልቁል ክሊኒኩ በር ላይ ሊተክለው አስቧል። ከመወሰኑ በፊት የነዋሪውን ሐሳብ መስማት ስለፈለገ፣ ከመንገዱ አንድ ተወካይ ተመርጦ ሐሙስ ስብሰባ ላይ እንዲናገር ወረቀት ለጠፈ። ያ ተወካይ እንግዲህ እኔ ሆኜ አረፍኩት።

መጀመሪያ ያጨበጨቡልኝ ፍሬን ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ወሬ ከጀመሩ ማቆሚያ ስለሌላቸው ነው ስሙን ያወጣንላቸው። ፌርማታው ከሚነሳ እኔ ልነሳ ባይ ናቸው። ቀጥሎ ያጨበጨበው ጎረቤቴ ባለ መድኃኒት ቤቱ ነው። እሱ ደግሞ ተሰላፊው በሩን እየዘጋበት ስለተማረረ ፌርማታው ዛሬውኑ ቢነሳለት ደስታውን አይችለውም። ሁለቱ ለአንድ ሰው ሲያጨበጭቡ ሳይ ጆሮዬ ጭው አለ።

"የልባችንን ይናገርልናል" አሉ ፍሬን።

"እንዴታ" አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ።

ጥፋቱ የሙያዬ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ ምላጭ ከማስያዛቸው በፊት አንድ ነገር አስጠንቅቀውኝ ነበር። "ምላጭ አንገቱ ላይ ያለን ሰው አትከራከር። ከተናደደ ይንቀሳቀሳል፤ ከተንቀሳቀሰ ይቆረጣል። ልክ ነዎት በልና ጨርሰህ ሸኘው" አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስል ኖርኩ። ስለ ውሃ ፈረቃ ልክ ነዎት፣ ስለ ቤት ኪራይ ልክ ነዎት። የመንገድ ዳር ነጋዴ ይነሳ ላለውም ልክ ነህ፣ ለምን ይነሳል ላለውም ልክ ነህ። እስከዛሬ ያደማሁት ደንበኛ የለኝም። የራሴ ሐሳብ ግን የት እንደገባ እንጃ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ጫማዬን ሳላወልቅ ያዘችኝ።

"እና አንተ ምን ትላለህ?"

"ፍሬን የሚሉት እንግዲህ..."

"እኔ ፍሬንን አላገባሁም። አንተን ነው የጠየቅኩህ።" ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ራሷ ቀጠለች። "ፌርማታው ከሄደ ማን መጥቶ ይላጫል? ሰው ፂሙ ትዝ የሚለው አውቶቡስ ሲጠብቅ ነው።"

"ልክ ነሽ" አልኳት። ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ።

እታለም ግን ስለ ፌርማታው ምንም አላለችም። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት በሳምንት ሦስት ቀን ክሊኒክ ትመላለሳለች። ከአውቶቡስ ወርዳ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ትንሽ ታርፍና አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥታ ቁልቁል ትሄዳለች፤ ስትመለስ ከክሊኒኩ በታች ታክሲ ይዛ ቤቷ ትገባለች። "ቁልቁለቱ ምንም አይለኝም፤ እንዲያውም እየተሻለኝ ነው" ትላለች ሁልጊዜ። እኔም እጄ ሰው ራስ ላይ ስለሆነ ዞር ሳልል "ልክ ነሽ እታለም" እላታለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ጭንቀቱ ሲብስብኝ፣ ከፌርማታው እስከ ክሊኒኩ ያለውን መንገድ እስቲ በእግሬ ልሂደው አልኩ። ቢያንስ ርቀቱን የሚያውቅ ተወካይ ልሁን ብዬ ነው። እታለም ውሃዋን ጠጥታ ከወጣች ትንሽ ቆይታለች። ማሽኑን ከሶኬቱ ነቅዬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። በሥራ ሰዓት በዚያ ቁልቁለት ወርጄ አላውቅም ነበር።

መቶ እርምጃ ሳልሄድ ደረስኩባት። ግድግዳ ይዛ ቆማለች። ልጠራት ስል መራመድ ጀመረች፤ ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ዝም ብዬ እንደ ሌባ ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት። አራት ጊዜ ቆመች። ከሦስተኛው በኋላማ ወደ ጎን ዞራ፣ የአጥሩን ብረት ጨብጣ፣ ደረጃ እንደሚለማመድ ሕፃን አንዱን እግሯን አስቀድማ ሌላውን እያስከተለች ነበር የምትወርደው። ክሊኒኩ በር ስትደርስ ፊቷን ጠራረገችና ቀና ብላ ገባች። እኔ አጥሩ ሥር ቀረሁ። በጣም አፈርኩ። ስንት ጊዜ ነው ልክ ነሽ ያልኳት?

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የማዘጋጃ ቤቷ ሴትዮ ከመነጽራቸው በላይ አየት አደረጉኝና "ነዋሪው ምን ይላል?" አሉኝ። ነዋሪውን ዞሬ አየሁት። ፍሬን አይዞህ ብለው ጠቀሱኝ። ባለ መድኃኒት ቤቱም ጠቀሰኝ።

"ነዋሪው ሁለቱንም ይላል" አልኩ። ሰው ሳቀ።

"እርስዎስ?"

ፍሬን ልክ ናቸው፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ ልክ ነው፤ ሚስቴማ ከሁሉም በላይ ልክ ናት። በዓይኔ ያየሁትስ?

"ፌርማታው ይውረድ" አልኩ።

"ምክንያትዎ?"

"አንዲት ሴት አራት ጊዜ ስለቆመች።"

ሴትዮዋ ምን ብለው እንደጻፉ አላውቅም። ነገሬ የገባው ሰው አልነበረም፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ ራሱ ግራ እየገባው ነው ያጨበጨበው። ስንወጣ ፍሬን መንገድ ዘጉብኝ። "ይሄን ሁሉ ዓመት ወንበርህ ላይ ያወራሁት ለግድግዳ ነው?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ይላጫሉ። አገጫቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ባለፉ ቁጥር እኔ የቆረጥኳቸው ይመስለኛል።

በወሩ ፌርማታው ተነቀለ፤ ጉድጓዱም በሲሚንቶ ተደፈነ። ሥራው ቀዘቀዘ። ሚስቴ "ብዬህ ነበር" አላለችኝም፤ አለማለቷ ይበልጥ አስጨነቀኝ። ደግ ሠራሁ ወይስ በገዛ እጄ ቤቴን ዘጋሁ? ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ እውላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋዜጣ ይዤ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተከፈተ። እታለም ናት። ላብ በላብ ሆና የበሩን ጠርዝ ይዛ ቆማለች።

"ምነው እታለም? አውቶቡሱ እዚያው ክሊኒኩ በር አይደል የሚያወርድሽ?"

"ያወርደኛል። ጨርሼ ነው የመጣሁት።" አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "ውሃዬን ሳልጠጣ ቤቴ ልግባ እንዴ?"

ዳገቱን ወጥታዋለች። ከቁልቁለት ላድናት ብዬ ዳገት አስወጣኋት። ውሃዋን ቀዳሁላት።

"ዳገቱ ደግሞ ምንም አይለኝም" አለች ብርጭቆውን እየተቀበለችኝ። "እንዲያውም እየተሻለኝ ነው።"

አፌ እንደለመደው ሊመልስላት ተከፈተ። ወንበሩ ላይ ሰው የለም፤ እጄም ላይ ምላጭ የለም።

"ውሸትሽን ነው" አልኳት።

ብርጭቆው ከንፈሯ ላይ ቀረ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ብያት አላውቅም። ይቆጡኝ ይሆናል ብሎ እንደሚጠብቅ ልጅ ቆሜ ጠበቅኳት። ብርጭቆውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"በጣም ያመኛል" አለች። "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ።"

በሩን ቆልፌ ክንዴን ሰጠኋት። እስከ አዲሱ ፌርማታ ድረስ ስድስት ጊዜ ቆምን።