ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቤት የሆነ ዕለት

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ዓምሃ ቧንቧ በሚዘረጋ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ቤቱ ቀጨኔ ነው፤ አቀበቱን ፍየል እንኳ ምርኩዝ ይዛ ነው የምትወጣው። ሚስቱ የሺ ነፍሰ ጡር ሆና ከቦኖ ውሃ በጀሪካን ትቀዳለች። ሰፈሩ ቧንቧ እንዲገባለት አመልክቶ ቆፋሪዎቹ ነገ ጠዋት ሊወጡ ነው። የየቤቱ ቁጥር ተለይቶ ካልተሰጣቸው ግን ወደ ሌላ ሰፈር ይዞራሉ፤ ተራው ደግሞ መቼ ተመልሶ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም።

ቁጥሩን ማውጣት የዘሀራ ሥራ ነው። ዘሀራ የአዲሱ ገበያ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ የመጣች። የመሥሪያ ቤቱን ቁም ሣጥን የሚያክል ኮምፒውተር ስታዘው ዓምሃ አፉን ከፍቶ ነው የሚያያት። ሰፈር ገብቶማ፣ ዘሀራ ስታስነጥስ ኮምፒውተሩ «ይማርሽ» ይላል ብሎ አውርቷል።

የማመልከቻዎቹ አድራሻ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ገብቷል፤ ከፍተኛው፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ አንድ ላይ ተደበላልቆ። የቤት ቁጥር መቼም ኋላ ነው የሚመጣው ብላ፣ ዘሀራ ከእያንዳንዱ አድራሻ የመጨረሻውን ቁጥር ለቅሞ የሚያወጣ የሼል ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ጻፈች። ኮምፒውተሩ ምራቅ ሳይዋጥ ጨረሰ። ወረቀቱ ሲታይ ሰፈሩ በሙሉ የቤት ቁጥር 17 ሆኖ ቁጭ።

ለካ የቀጨኔ ሰው አድራሻ ሲጽፍ፣ የሚመጣው ሰው እንዳይጠፋ ብሎ መጨረሻ ላይ «ከ17 ቁጥር አውቶቡስ ፌርማታ ወረድ ብሎ» ሳይል አይለቅም።

«ሰፈሩን በሙሉ አንድ ጣሪያ ስር አስገባሽው እኮ» አለ ዓምሃ እየሳቀ። «ከዚያ ከነገረኛው ጎረቤቴ ከመሸሻ ጋር እንዴት ብዬ ነው የማድረው?»

«አንተ ሳቅ። ነገም ጀሪካን የምትሸከመው የሺ ናት።»

ሳቁ ቆመ።

ዘሀራ ግን አልደነገጠች፣ አልተናደደች፤ ዓምሃን የገረመው ይኼ ነው። ቁጭ ብላ ስክሪፕቱን አስተካከለችው። «የቤት ቁጥር» የሚለው ጋ እስክትደርስ ያለውን ሁሉ ጣል፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውን አሃዝ ያዝ፤ አሃዙ ሲያልቅ የቀረውን ተወው። በቃ፣ ቁጥሩ እንደ ባቄላ እሸት ተፈልፍሎ ወጣ። ደግሞ አንድ ትእዛዝ ጨመረችበት፦ አሃዝ ያላገኘህበትን አድራሻ ለብቻው አውጣ። በዚያ ዘመን «አላውቅም» የሚል አለቃ አልተፈጠረም ነበርና፣ ዓምሃ ኮምፒውተሩን ያኔ አከበረው።

ለብቻው የወጣው አንድ አድራሻ ነበር፤ የዓምሃ የራሱ። የሺ በአሃዝ ከተጻፈ ተንኮለኛ ሌላ አሃዝ ይቀጥልበታል ብላ፣ እንደ ደረሰኝ በፊደል «ሁለት መቶ አሥራ ሦስት» አስጽፋ ኖሯል።

ዘሀራ አንብባ በእጇ 213 አስገባች። «ንገራት፣ የሺን የሚያታልል ኮምፒውተር ገና አልተሠራም» አለችው።

ቆፋሪዎቹ በማግስቱ አንድም በር ሳይሳሳቱ ቆፈሩ። ውሃው የገባ ዕለት ዓምሃ ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ ዘሀራ ኮምፒውተሩን ጆሮውን ይዛ ቀጨኔን ቤት ለቤት እንዳዞረችው ለጎረቤቱ አወራ። የሺ ቧንቧዋን ከፍታ ያበጠ እግሯን በውሃው እያስመታች ሰማችው። ያን ቀን ብቻ «ውሸትህን ነው» አላለችውም።