አዞው ያሰፋው ሻል

ሰፈሩ «አዞ ጎታች» የሚለው የጭነት መኪና ሾፌር እግሩን የሰበረው አምፖል ሲቀይር ከወንበር ላይ ወድቆ ነው። ለጠየቀው ሁሉ የሚያወራው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ፍሬን የበጠሰ መኪና ዘሎ ሲያስቆም ነበር የተሰበረው፤ ሰንበት ሲል መኪናው ሁለት ሆነ፤ ጄሶው ሲደርቅ ደግሞ ከኋላ ተሳቢ ተቀጠለበት። እግሩ ጆሮ ቢኖራት ኖሮ በኀፍረት ጄሶው ውስጥ ጠልቃ ትቀር ነበር።

ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ አመሉ ነው። አንድ ጊዜ ወንዝ ሲሻገር አዞ መኪናው መከላከያ ላይ ተሰንቅሮ እስከ ጋራዡ ድረስ እንደጎተተው አወራ። ያኔ አዞው ክንድ ተኩል ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን እየቀለበ እንዳሳደገው እሱ ያውቃል፤ ዘንድሮ ጭራው ገና ወንዙ ውስጥ ሳለ አፉ ጋራዥ ደርሷል።

ይህ ሰው አንዲት ሴት ልጅ አለችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሱና የሚስቱ እናት፣ እማማ፣ ናቸው። ልጅቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ጠብታ ስትለካ ትንፋሿን የምትይዝ ዓይነት ናት። ልታገባ ነው። አንድ እሑድ መጥታ ከአልጋው ጫፍ ቁጭ አለችና ለሠርጓ ትከሻዋ ላይ የምትጥለው ሻል ሱቅ ውስጥ እንዳየች አወራችለት።

«ሱቅ አትሂጂ» አለ አባት፣ ጄሶውን ትራስ ላይ እያመቻቸ። «እኔ እሠራልሻለሁ።»

«በምንህ?»

«በእጄ ነዋ። ከተኛሁ ጀምሮ አያትሽ ሹራብ ሲሠሩ እያየሁ ነው የከረምኩት። ስስ፣ ዳንቴል የመሰለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ከትከሻሽ እስከ ተረከዝሽ የሚወርድ።»

ልጅቱ ሳቀች። «አባዬ፣ ብስክሌቱም እንዲህ ነበር የጀመረው።»

ብስክሌቱን ቃል የገባላት ትንሽ ልጅ ሳለች ነው። መጀመሪያ ቀይ ነበር፤ ቀጥሎ ማርሽ ወጣለት፤ ከዚያ መብራትና ደወል ጨመረ፤ በመጨረሻ ሞተር ብስክሌት ሆነ። በሩን አልፎ ቤት ግን አልገባም።

«ይኼኛው የምር ነው» አለ።

«እንግዲያው አንድ ቀን እንኳ ቃልህን ልልበሰው። ከሠርጉ በፊት ባለው እሑድ መጥቼ አየዋለሁ። ካልደረሰ የሱቁን እወስዳለሁ፤ አልቀየምህም። ለምጄዋለሁ እኮ።»

ያቺ «ለምጄዋለሁ» ጠጠር ሆና ጫማው ውስጥ ገባች። ብትቆጣው ኖሮ አንድ ወሬ ፈብርኮ ያስቃት ነበር። ለለመደ ሰው ግን ምን ይፈበረካል?

በማግሥቱ እማማ ሁለት ረጃጅም የሹራብ መርፌና እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ይዘው አጠገቡ ተቀመጡ። መርፌው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት እማማ «ዓይን» ነው የሚሏት።

«ስማኝ» አሉት። «ክሩን እንዲህ መርፌው ላይ ጣል ስታደርገው ቀዳዳ ይከፈትልሃል፤ ግን አንዲት ዓይን ትጨመራለች። ስለዚህ ወዲያው ከጎኗ ያሉትን ሁለት ዓይኖች አንድ ላይ አጋባቸው። ከፍተህ ካላጋባህ ሻሉ ይሰፋብሃል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።»

«ይኼማ ከመሪ ይቀላል።»

«በየጥቂት መስመሩ ደግሞ ይቺን ቀይ ክር በዓይኖቹ ውስጥ አሳልፍ። መመለሻ ናት። ብትሳሳት እስከ እሷ ትፈታና ትቆማለህ፤ ከእሷ በታች ያለው አይነካም።»

«እማማ ደግሞ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳ የኋላ ማርሽ ነክቼ አላውቅም።»

«የጋራዡን ግንብ የመታው ታዲያ ማን ነው?»

«እሱማ ግንቡ ነው የመጣብኝ።»

ቀይዋን ክር አንዴ ብቻ፣ ከታች አሳለፋት። እሷንም እማማ ቆመው ስላዩት ነው።

እጁ መሪ የለመደ ትልቅ እጅ ነው፤ መርፌዎቹ በጣቶቹ መሀል የጥርስ መፋቂያ ይመስሉ ነበር። ቢሆንም ያዘለት። ክር መጣል፣ ማጋባት፣ ክር መጣል፣ ማጋባት። ቀዳዳዎቹ እንደ ቅጠል እየተሰለፉ ሲወጡ እሱ ራሱ ተገረመ። «ይኼ ሰው ተሰጥኦውን ደብቆ ኖሯል» አለ፣ ለራሱ።

ከዚያ ጠያቂ መምጣት ጀመረ። መካኒኩ መጣ፤ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ የጋራዡ ዘበኛ መጣ። ሁሉም ሹራብ የሚሠራ ሾፌር ሲያዩ ይስቁና ትንሽ ቆይተው «እስቲ ያንን አዞ» ይሉታል። እሱም ሥራውን ሳያቋርጥ ይጀምራል። ጨዋታው መንገድ ላይ እስካለ ድረስ እጁ ልክ ነበር። አዞው ብቅ ሲል ግን «አፉ እንዲህ!» ብሎ ክንዱን ይከፍታል፤ ክንዱ ሲከፈት ክሩ መርፌው ላይ ይጠቀለላል፤ ሰው ሲስቅለት ማጋባቱ ይረሳል። አዞው ባደገ ቁጥር ቀዳዳ ይከፈታል፣ ዓይን ይጨመራል።

አንድ ጠዋት ሥራውን አልጋው ላይ ዘረጋውና ደነገጠ። ከታች የአንገት ልብስ፣ ከላይ ድንኳን ሆኗል። ዳርና ዳሩ እንደ ሰካራም መንገድ ይወላገዳል።

ወሬኛ ሰው መሸፈኛ አያጣም። እማማ ገበያ ሲወጡለት የስፌት መርፌና ክር ይዞ ዳሩን ዳሩን ሸመለለና ጎትቶ ሰበሰበው። ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ከቅርብ ግን ጀርባው ላይ ጉብታ ያወጣ ሰው ነበር የሚመስለው።

እማማ ተመልሰው ሻሉን ጭናቸው ላይ አደረጉት። በጣታቸው ዳሩን ይዘው ከታች ወደ ላይ ይዳብሱ ጀመር።

«እዚህ ጋ መካኒኩ መጥቶ ነበር» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«አዞው ይኸውና። እዚህ ላይ አፉን ከፈተ። ይኼ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ የመጣ ዕለት ነው፤ ለእሱ ጭራውን አስረዘምክለት። እዚህ ጋ ማንም አልመጣም፤ ቀጥ ብሏል። ያምራል እሱ።»

«እማማ፣ ይኼ እኮ ዲዛይን ነው። ባሕር ማዶ ንግሥቶቹ ሁሉ—»

እማማ የሰበሰበበትን ክር ጫፍ ይዘው ሳብ አደረጉት። ሻሉ ከድስት እንደሚገነፍል ወተት እጥፉን ጥሎ ፈሰሰ። የንግሥቶቹ ወሬ እዚያው ቀረ።

ሾፌሩ ፊቱ ቀላ። መርፌውን ከነዓይኖቹ መዥርጦ ሁሉንም ሊተረትረው ሲል እማማ እጁን ያዙት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሮጠህ ሠራኸው፣ አሁን ደግሞ ሮጠህ ልታፈርሰው ነው? ክሩ ስስ ነው፤ ከጎተትከው ይተበተባል። ቀይዋ ክር ያለችው ከሥር ነው፤ እስከዚያ ከወረድክ ቀጥ ያለውም አብሮ ይጠፋል። አንድ በአንድ ተመለስ። ቀኙ መርፌ ከግራው የተቀበለውን ለግራው ይመልስ።»

«ስንት ዓይን ነው የምመልሰው?»

«አዞህን ስታሳድገው ቆጥረሃል?»

ጀመረ። የታችኛዋን ዓይን በግራው መርፌ ይወጋል፣ የላይኛዋን ይለቃል፣ ክሩን ቀስ አድርጎ ይስባል። መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ሲደርስ የተመለሰው ከመዳፍ ስፋት አይበልጥም። ወደ ኋላ መንዳት ይሄ ነው ማለት ነው አለ በልቡ፤ አንገት ጠምዝዞ ያለፉበትን ማየት።

ያለፈበት ደግሞ እያንዳንዱ ቦታ ያወራል። ይቺ ቀዳዳ ዘበኛው ሆዱን ይዞ የሳቀባት ናት። ይቺኛዋ ጥርስ የጨመረባት ናት። እንዲህ እየፈታ ሳለ ሳያስበው ብስክሌቱ ጋ ደረሰ። ልጅቱ ማታ ማታ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ባዶ እጁን ስታየው ፊቷ ይወርዳል። «አልቻልኩም» ማለት ያንቀዋል፤ ማርሽ መጨመር ግን ቀላል ነው። ማርሽ ሲጨምርላት ፊቷ ይበራል፤ ያ ብርሃን ለአንድ ሌሊት ይበቃው ነበር። ለእሷ ምን ያህል እንደበቃት ግን ጠይቋት አያውቅም። ከፍቶ፣ ከፍቶ፣ አንዷንም ሳያጋባ።

ክሩን ሳበ። አንዲት ዓይን ተመለሰች።

መካኒኩ በሌላ ቀን ሲመጣ ሾፌሩ ሻሉን እንደገና ወደ ላይ እየሠራው ነበር። አሁን በየጥቂት መስመሩ ቀይ ክር ይታያል።

«እስቲ አዞውን» አለ መካኒኩ፣ ወንበሩን እያስጠጋ።

«ቆይ፣ ይቺን ላጋባ።» አጋባ። ሁለት እጁን ከመርፌው ሳያነሳ «ክንድ ተኩል ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«አዞው።»

መካኒኩ ግንባሩን ነካው። «አሞሃል እንዴ? ክንድ ተኩል አዞ ምኑ ይጎተታል?»

«ስለቀለለ እኮ ነው የመጣው።»

መካኒኩ ቅር ብሎት ሄደ። ዳሩ ግን ቀጥ አለ።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ልጅቱ ስትገባ አባቷ የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር። ቀና ብሎ አያትና አንገቱን መልሶ ደፋ።

«እስከ ተረከዝ ብዬሽ ነበር» አለ። «እስከ ክርንሽ ነው የሚደርሰው። ክሩ አላነሰም። አበላሽቼው ስመለስ ጊዜው አለቀ።»

ልጅቱ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ነገር አባቷ አፍ ውስጥ ሲያድግ እንጂ ሲያንስ ሰምታ አታውቅም።

«እስከ ክርን?»

አሰበ። «ከክርን ትንሽ ከፍ ይላል። የሱቁን ብትወስጂ አልቀየምሽም።»

ቦርሳዋን አስቀመጠችና ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ዳሩን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ጠብታ እንደምትለካ ትንፋሿን ይዛ፣ ከታች እስከ ላይ ሄደችበት። የሚወላገድ ነገር አላገኘችም። ስልኳን አወጣች። «ያስቀመጣችሁልኝን ሻል ለሌላ ሰው ስጡት» አለች ለባለሱቋ፤ ስልኩንም ዘጋችው። ከዚያ አባቷ የቀሩትን ዓይኖች አንድ በአንድ ሲዘጋ ስታየው ቆየች። ቶሎ በል አላለችውም።

የሠርጉ ዕለት የሙሽራው እናት ሻሉን በጣታቸው ነክተው «እንዴት ያለ ሥራ ነው፤ የት ነው የተገዛው?» አሏት።

«አባቴ ነው የሠራልኝ» አለች ሙሽራዋ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል። «እግሩ ተሰብሮ እያለ። ክሩን አዞ ነበር የሚይዝለት። አዞው ከዚህ እስከዚያ በር ድረስ ነው።»

ጠረጴዛው ሁሉ ወደ ሾፌሩ ዞረ። ዓይኖቹ በሩን ለኩት፤ በጣም ጥሩ ርቀት ነበር። ክንዶቹ ከፈት ማለት ጀመሩ። እማማ ከጎኑ ሆነው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

የሻሉን ዳር አየ። ከዚያ ክንዶቹን ቀስ አድርጎ አቀራረባቸው።

«ክንድ ተኩል ነው» አለ። «እሱም ከነጭራው።»